የማይቀልጠው ጠመኔ

ወንድሜ ቧንቧ ያሞቅ ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት እንዲህ ብሎ ሲመልስ ሰው ይስቅበታል፤ ቧንቧው በረደው እንዴ የሚል ቀልደኛም አይጠፋም። እኔ አልስቅም። እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ከኤሌክትሮድ ምድጃው ጎን ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት ስለሆንኩ ማሞቅ ማለት ምን እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ። የኔ ሥራ ኤሌክትሮዶቹ፣ ብየዳው ላይ እየቀለጡ ብረት የሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች፣ እርጥበት እንዳይስቡ በምድጃው ውስጥ አሙቆ ማቆየትና ለበያጆቹ በትንሽ በትንሹ ማደል ነው። አንድ እፍኝ ስጪኝ የሚለኝን፣ የያዝከውን ጨርሰህ ና ብዬ እመልሰዋለሁ። ውጭ ያደረ ኤሌክትሮድ እርጥበቱን ይዞ ብየዳው ውስጥ ይገባና በኋላ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ይህን ስነግራቸው ንፉግ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ።

ወንድሜን ደግሞ ጋሽ ፍሙ ነው የሚሉት፤ ከእሳት አጠገብ ስለማይጠፋ። ሥራውን ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጭን ቧንቧ ከሆነ በያጁ መጥቶ ወዲያው ይበይደዋል፣ አለቀ። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቧንቧ ግን ክፉ ነው። ቀዝቃዛ እንደሆነ ከተበየደ ያ ሁሉ ወፍራም ብረት የብየዳውን ሙቀት በቅጽበት ይውጠዋል፣ ብየዳው በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ዳር ዳሩ ያለው ብረትም ይደርቃል። ላዩን ሲያዩት ምንም አልሆነም። ሠራተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በያጁ ኤሌክትሮዱን ከመጫሩ በፊት መገጣጠሚያው ዙሪያውን፣ ግራና ቀኙን ሰፋ ተደርጎ በጋዝ እሳት መሞቅ አለበት። ወፍራም ቧንቧ በአንድ ዙር አይሞላም፤ ድርብ በድርብ እየተደረበ ነው የሚሞላው፤ የመጨረሻው ድርብ እስኪያልቅ ድረስም ሙቀቱ ከልኩ መውረድ የለበትም።

ወንድሜ በዚህ ሥራ ትዕግሥተኛ ነበር። ሌሎቹ አሟቂዎች እሳቱ ያረፈበትን ቦታ ይለኩና ሞቋል ይላሉ። እሱ እሳቱን ያነሳል፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ እሳቱ ካረፈበት ራቅ አድርጎ በሙቀት ጠመኔው ያሰምራል። ጠመኔው በተወሰነ ሙቀት ላይ የሚቀልጥ ነው፤ መስመሩ ቀልጦ ካብረቀረቀ በያጁ ይግባ ማለት ነው፣ እንደ ተራ ጠመኔ ደርቆ ከቀረ ገና ነው። በያጁ ቸኩሎ ቢነጫነጭ ወንድሜ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቆዳው ነው የሞቀው፣ ሆዱ ገና ነው ይልና እሳቱን መልሶ ያስጠጋል።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ ማሰር ሳትችል ነው። እኔ ባል አልነበረኝም፤ ቤቴን ዘግቼ ወደ እነሱ ገባሁና ሦስታችን አንድ ቤት ሆንን። ወንድሜ ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት፤ ፍቅሩን በአፉ መናገር ግን አያውቅበትም። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ሹራቧን ከምድጃው አጠገብ ያሞቅላታል። ካልሲዋን ያሞቅላታል። ፊቷን የምትታጠብበትን ውሃ አሙቆ፣ በክርኑ ለክቶ፣ በቃ ስንለው ትንሽ ይጨምርበታል። ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ስትወጣ፣ አንተ ሰውዬ ይህቺን ልጅ ቀቅለህ ልትጨርሳት ነው እለው ነበር። እሷ ትስቃለች፤ እሱም ይስቅና በብርድ አይቀለድም ይለኛል።

አድጋ በያጅ እሆናለሁ ስትል መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ዓይንሽ ይጠፋል፣ ሳንባሽ በጭስ ይሞላል፣ ወገብሽ ይጎብጣል እያለ ሲደረድርላት ከረመ። እኔ በመሃላቸው አልገባሁም፤ ግትርነቷ የአባቷ መሆኑን ስለማውቅ ማን እንደሚያሸንፍ ለማየት ቁጭ አልኩ። እሷ አሸነፈች። ከዚያማ ደረቱን ነፍቶ ይዟት ገባ። ማሞቁን እሱ አስተማራት፤ ብየዳውን ከሌሎቹ እያየች፣ እየተቃጠለች፣ እየተሰደበች ለመደችው። እጇ ፍንክች አይልም። ድርቦቿ እኩል እኩል ሆነው ሲወርዱ ያዩ የድሮ በያጆች ራሳቸው አንገታቸውን ይነቀንቁላት ነበር።

ያም ሆኖ የሚሰጣት ሥራ የደረጃ መደገፊያና የበር ፍሬም ነው። ወፍራም ቧንቧ ላይ የምትቀመጠው አንዱ በያጅ ሲታመም ብቻ ነበር፤ ያኔም የሚያሞቅላት አባቷ ነው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን አጎንብሰው ሲሠሩ አይነጋገሩም። እሱ እሳቱን ያነሳል፣ እሷ ትገባለች፤ እሷ ትወጣለች፣ እሱ ያስጠጋል። ቧንቧውን አባዬ ካሞቀው ሐሳብ የለኝም ትል ነበር። ይህን ስትል የሰማ ቀን ወንድሜ ቤት ገብቶ እንኳ ፈገግታው ከፊቱ አይጠፋም።

ከዚያ የቅዝቃዜው ሥራ መጣ። በብርድ ብዛት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ናቸው፤ በረዶ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ሙቅ ነው። ተራ ብረት እንዲያ ባለ ብርድ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር፣ ብርድ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ካርቦን ስቲል ነበር የመጣልን፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ። የጥራት ተቆጣጣሪው ሁላችንንም ሰብስቦ አስረዳን። ይህም ብረት እንደማንኛውም ወፍራም ብረት ሳይሞቅ አይነካም አለ፤ ወንድሜ አንገቱን ነቀነቀ። ነገር ግን ከልክ በላይ ከሞቀ፣ በድርብና በድርብ መካከልም ትንሽ በረድ እንዲል ካልተጠበቀ፣ ብርድ የመቻል ጉልበቱን ያጣል አለ። ብየዳው ሲታይ ያምራል፣ ራጅ ቢነሳም እንከን አይገኝበትም፤ ብርድ ውስጥ ሲመታ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ጠመኔው ሁለት ሆነ። አንደኛው ሥራ ሲጀመር መቅለጥ ያለበት ነው። ሁለተኛው በጭራሽ መቅለጥ የሌለበት ነው፤ አዲስ ድርብ ከመጀመሩ በፊት ይሰመራል፣ ከቀለጠ እሳቱን አርቆ፣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው።

ወንድሜ ሁለተኛውን ጠመኔ ተቀብሎ ከሽርጡ ኪስ ከተተው። ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርም ሄደ። በብርድ የተሰነጠቀ ብረት ስንቱን አይቻለሁ፣ ሙቀት በዝቶበት የተሰበረ ግን አንድም አላየሁም አለ። ብረቱ አዲስ ነው፣ ሰውየውም የሚያውቀውን ነው የነገረን አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

በዚህ ሥራ የሚገባ በያጅ ሁሉ መጀመሪያ አንድ የሙከራ ቁራጭ መበየድ ነበረበት። ቁራጩ ተቆርጦ፣ በብርድ ተነክሮ፣ በመዶሻ ማሽን ይመታል። ከቻለ በያጁ ገባ፤ ከተሰበረ ወደነበረበት ይመለሳል። ልጃችንም እንድትሞክር ተፈቀደላት። ከደረጃ መደገፊያ የምትወጣበት ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ ይህን እሷም፣ አባቷም፣ እኔም እናውቃለን። ሳምንቱን ሙሉ ጓንቷን ስትሰፋ፣ የማስኳን መስታወት ስትወለውል ሰነበተች። ምግብ ስታኝክ እንኳ ሐሳቧ እዚያ ነው፤ ጨው አቀብይኝ ብላት ስኳር ታቀብለኛለች።

የሙከራው ዕለት ዝናብ ነበር። በወርክሾፑ ትልቅ በር የሚገባው ንፋስ አጥንት ይሰረስራል። ወንድሜ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ፣ በቧንቧው ዙሪያ ሸራ ወጥሮ፣ ማሞቅ ጀምሮ ነበር። ከምድጃዬ ሆኜ የሚታየኝ ጀርባቸው ብቻ ነው። ኤሌክትሮድ ልትወስድ ስትመጣ ፊቷ በላብ ርሷል፤ በርቺ አልኳት፣ ወስዳ ተመለሰች። ሲያልቅ ወንድሜ መጥቶ ጎትቶ ወሰደኝና አየሽልኝ ውበቱን አለኝ። እውነትም ያምር ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ተቆጣጣሪው የተሰበረውን የሙከራ ቁራጭ ይዞ ወርክሾፕ ገባ። ሁለት ግማሽ ነው፤ የተሰበረበት ፊቱ እንደ ስኳር ያብረቀርቃል። ደህና ብረት ሲመታ ይጎተታል፣ ይጣመማል እንጂ እንዲያ ቀጭ ብሎ አይለያይም። ሰውየው አልተቆጣም። እንዲህ የሚሆነው ከሁለት በአንዱ ነው አለ፤ ወይ አሟቂው በድርቦቹ መካከል ሙቀቱን አብዝቶታል፣ ወይ የበያጇ እጅ አዝግሞ ድርቡን ስላሰፋው ሙቀቱ ተጠራቅሞበታል። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«ጋሽ ፍሙ፣ ሁለተኛው ጠመኔ ቀልጦ ነበር?»

«አልቀለጠም» አለ ወንድሜ።

ይህን ብሎ የልጁን እጅ አየ። እሱ ሲያይ ተቆጣጣሪውም አየ፣ በያጆቹም አዩ፤ የሰው ሁሉ ዓይን እጇ ላይ አረፈ። እሷም አጎንብሳ አየችው። «እንግዲያው እጄ ነው» አለች ቀስ ብላ። ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ቤት እንደገባን ወንድሜ ቡትስ ጫማውን ሳያወልቅ ማድ ቤት ሄዶ ተቀመጠ። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታለች። ወንድሜ ሁለተኛውን ጠመኔ አልነካሁትም፣ ከኪሴም አላወጣሁትም አለኝ። ንፋሱን ሳይ ቀዝቅዞ እንዳይሰነጠቅባት ፈራሁ፣ እሳቱን ላነሳባት አልቻልኩም አለ። ደሜ ፈላ። ታዲያ አልቀለጠም ያልከው በየትኛው አፍህ ነው አልኩት። አመለጠኝ አለ። ነገ ሄደህ የሆነውን ትናገራለህ አልኩት። ነገ አለ።

ነገ አልተናገረም። ከነገ ወዲያም አልተናገረም። እኔ ልንገራት ስለው እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ፤ ከአንቺ አፍ ከሰማችው ልጅ የለኝም፣ ከራሴ አፍ ይውጣ አለ። የፈራው ከሥራ መባረሩን አልነበረም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። እኔን አምና ያደገች ልጅ ዓይኗን እንዴት ችዬ አያለሁ ነበር የሚለው። እሱ እንዲህ ሲያመነታ እሷ ወደ ደረጃ መደገፊያዋ ተመለሰች። ከበያጆቹ አንዱ፣ ሥራ ፈት ባለጌ፣ ለሴት ልጅ አጥር ይበቃታል ብሎ ቀለደባት። እሱን ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሮድ ሊወስድ በመጣ ቁጥር ምድጃው ገና አልሞቀም እያልኩ አቆመዋለሁ። ምን ያደርጋል፤ እሷ አንድ ቀን ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። የካርቶን ማሸጊያ ፋብሪካ ነው። ያ እጅ ካርቶን ሊያጥፍ ሄደ ብዬ አንጀቴ እርር አለ።

ወንድሜ በአንድ ጊዜ አረጀ። ሲደውልላት በረደሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ አይበርደኝም አባዬ ትለዋለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮው ሳያወርደው ይቀመጣል። ሊናገር አፉን ሲከፍት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ መልሶ ይውጠዋል። ቤታችን ወሬ ጠፋበት። ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠን ሾርባ እናማስላለን፤ እኔ አፌን ብከፍት ስድብ ስለሚወጣኝ ዘግቼው እቀመጣለሁ።

አንድ ጠዋት ግን ሳያማክረኝ ወደ ተቆጣጣሪው ቢሮ ገባ። ምን እንዳስነሳው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁሉንም ነገረው። ሰውየው ወንድሜን ከማሞቁ ሥራ አነሳው፤ መጋዘን እንዲጠርግ መደበው። አልፈረድኩበትም። ልጅቷ ግን መጥታ እንደገና ትሞክር፣ ሥራው ገና አላለቀም አለ። ወንድሜ ወደ ምድጃዬ ሲመጣ ይሮጥ ነበር። ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ሥራ ተነጥቆ መጥረጊያ የተሰጠው ሰው እንዲያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ትመለሳለች አለኝ፣ በቃ ትመለሳለች። እኔም አመንኩት፤ ያን ቀን በያጆቹን ሳልነጫነጭ አስተናገድኩ።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። አዲስ የብየዳ ጓንት ገዝቶላታል፤ ጭኑ ላይ አድርጎ መንገዱን ሁሉ ሲያሻሸው ሄደ። የምትኖረው ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አልጋ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የፋብሪካ ዩኒፎርም፣ መስኮቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ማንቆርቆሪያ አላት። ስታየን ደነገጠች፤ ቀጥላ ጠብ እርግፍ አለችልን። አባቷን አልጋው ላይ አስቀምጣ ጀርባው ላይ ትራስ አደረገችለት። ሻይ ስትሰጠኝ ጣቶቿን አየሁ፤ ካርቶኑ ቆራርጧቸዋል።

ወንድሜ ሻዩን ሳይነካ ተናገረ። እንዲያ አስተካክሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጠመኔውን እንዳልነካ፣ እሳቱን እንዳላነሳ፣ ሲጠየቅ እንደዋሸ፣ ጥፋቱ ከእጇ እንዳልነበረ ነገራት። እሷ ብርጭቆዋን እያዞረች እስኪጨርስ ሰማችው።

«አውቃለሁ እኮ፣ አባዬ» አለች።

ከየት አወቅሽ ያልኳት እኔ ነኝ።

«ብረቱ ላይ የነበርኩት እኔ አይደለሁ? ገና መሃሉ ላይ ስደርስ ሙቀቱ በዝቶ የቀለጠው ብረት እንደ ውሃ ይሮጥብኝ ጀመር። ማቆም ነበረብኝ። አባዬ ነው ያሞቀው አልኩና ቀጠልኩ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ተቆጣኋት። ብናገር ያኔውኑ ያባርሩት ነበር አለችኝ። ደግሞም እሱ ራሱ ይናገራል ብላ ጠብቃ ነበር። መጀመሪያ እስከ ምሳ ጠበቀች፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ። ከዚያም የደረጃ መደገፊያ እየበየደች፣ ወደ እሷ ሲመጣ ባየችው ቁጥር ዛሬ ሊነግረኝ ነው እያለች ጠበቀች። መጠበቁ ሲያቅታት ሥራ ፈልጋ ሄደች። ይህን ስትነግረን ድምጿ ላይ ቁጣ የለበትም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ጓንቱን አወጣ። ተቆጣጣሪው ያለውን ነገራት፤ ነይና እንደገና ሞክሪ፣ የሚያሞቅልሽ ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ከዚያ ሥራ ወጥቻለሁ አላት። ይህን ሲል ሊያባብላት ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ ግን እሺ አላለውም። ጓንቱን ተቀበለችው፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ጥሩ ጓንት ነው አለች። ከዚያ ሳትለብሰው ጎኗ አስቀመጠችው።

«አልችልም፣ አባዬ። እዚህ ጎረቤቶቼ በራቸው ተሰብሮ በይጂልን ብለውኝ ሞክሬ ነበር። ያን ቀን እጄን ስታየው ሰው ሁሉ አየው፣ እኔም አየሁት። ከዚያ ወዲህ ማየቱን መተው አቃተኝ። በያጅ ደግሞ ብረቱን እንጂ እጁን አያይም።»

እጅሽ እኮ ምንም አልሆነም፣ እጅሽ ደህና ነው እያለ ለመናት። አውቃለሁ አለችው፤ ማወቄ ግን አልጠቀመኝም አለችው። ወንድሜ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ሚስቱን ስንቀብር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው ነው። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን እያሻሸች በቃ አባዬ፣ በቃ ትለዋለች። ልጅቷ አጽናኝ፣ አባት ተጽናኝ ሲሆኑ ማየት አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ታች ጎማ የሚነፉ ሰዎች እየተሳሳቁ ይሠራሉ። ጠላኋቸው፣ ያለ ጥፋታቸው።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችን። የአባቷን የኮት ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። እስኪ ትንሽ ልረፍና እመጣለሁ፣ ሰውየውንም አመስግንልኝ አለችው። መቼ ብሎ አልጠየቃትም። እሺ ልጄ ብሎ ግንባሯን ሳማት። አውቶቡሱ ሲወጣ እጇን እያወዛወዘች እዚያው ቆማ ነበር።

ወንድሜ የተናገረው ከከተማው ከወጣን በኋላ ነው።

«አትመጣም» አለኝ።

እመጣለሁ ብላህ የለም እንዴ፣ ጆሮህ የት ነበር አልኩት።

«እንዳይከፋኝ ብላ ነው። እሷ የዋሸችው ለኔ ብላ ነው። እኔ የዋሸሁት ለራሴ ነበር።»

እውነትህን ነው አልኩት። ወንድሜ ነውና ያን ሰዓት ልዋሸው አልፈለግሁም።